አባቴ በጣሊያንኛ የተናገረው

ከኖርዌይ ተመልሼ ነቀምቴ በገባሁ በሳምንቱ፣ እንኳን ደህና መጣህ ሊሉኝ ከመጡት ጎረቤቶች መካከል አንድ ሽማግሌ ያን ሁሉ ዓመት ምን ስማር እንደከረምኩ ጠየቁኝ።

"ታሪክ ነው የተማርኩት" አልኳቸው።

"የምን ታሪክ?"

"የጦርነት። ጠላት አገር ሲይዝ ሕዝቡ እንዴት ሆኖ እንደኖረ።"

ፊታቸው በራ። "እሰይ! ሳንሞት የሚጽፍልን ተገኘ በለኛ።"

"አይ ኦቦ፣ የኛን አይደለም። የኖርዌዮቹን ነው። ጀርመን ይዟቸው በነበረ ጊዜ የሆነውን።"

ሽማግሌው ወደ አባቴ ዞሩ። "ካን ኬኛ ሆ?" አሉት። የኛስ? ማለታቸው ነበር። አባቴ ግን እህቴን ጠርቶ አንጮቴው እንዲቀርብ አዘዘ፤ ወሬውም ወደ ዝናቡና ወደ በቆሎው ሄደ።

የኛን ያልተማርኩት ንቄ አልነበረም። የሄድኩት ሚሲዮኑ ባገኘልኝ ነፃ የትምህርት ዕድል ነው። የመጀመሪያው ዓመት ሲያልቅ ለፕሮፌሰሬ ጣሊያን ወለጋን በያዘባቸው ዓመታት ስለሆነው ነገር መጻፍ እንደምፈልግ ነገርኩት። ክፉ ሰው አልነበረም። ፒፓውን ከአፉ አውጥቶ ሰነዱ የት እንዳለ ጠየቀኝ። ሮም ይገኝ ይሆናል አልኩት። ጣሊያንኛ ታነባለህ ወይ አለኝ፤ አላነብም። በአገርህ ቋንቋ የተጻፈስ አለ ወይ አለኝ። እናትና አባቴ የሚናገሩት ቋንቋ ከመጽሐፍ ቅዱስና ከጥቂት መዝሙር በቀር የተጻፈ ነገር እንደሌለው፣ ትምህርት ቤት ውስጥ የተናገረው ተማሪ እንደሚቀጣበት እንዴት ብዬ ላስረዳው? "እንግዲያው እዚህ ያለውን ሥራ" አለኝ። "መዝገቡ ሞልቷል፤ ሰዎቹም ገና በሕይወት አሉ።"

በዚህ ምክንያት ነው እኔ የነቀምቴው ልጅ ዓሣ አጥማጆች በሚኖሩባት በአንዲት ትንሽ የጠረፍ ከተማ ክረምት ከበጋ ስመላለስ ወጣትነቴን የጨረስኩት። የከተማዋ መምህራን ጀርመኖች ባቋቋሙት ማኅበር አንገባም ብለው ታስረው ነበር። የታሰሩትን፣ ፈርተው የገቡትን፣ ያሰሯቸውንም አንድ በአንድ እየፈለግሁ ጠየቅሁ። ቋንቋቸውን ተማርኩ። ዘይቤውን ሳይቀር ለመድኩት።

ያከራየችኝ ሴት ባሏ የሞተባት አሮጊት ነበረች። አንድ ቀን የእሁድ ምሳ ጋብዛኝ ሳለ፣ ወንድሟ የጀርመኖቹን ልብስ ለብሶ እንደነበርና ከጦርነቱ በኋላ ስሙ በዚያ ቤት ተጠርቶ እንደማያውቅ ነገረችኝ። አለቀሰች። ልጆቿ እንኳ እንደማያውቁ ነገረችኝ።

"ለልጆችዎ ያልነገሩትን ለእኔ ለምን ነገሩኝ?" አልኳት።

"አንተ የማንም ዘመድ አይደለህማ። ነገ ተነሥተህ ትሄዳለህ።"

ያን ጊዜ እንደ ምስጋና ነበር የወሰድኩት። ጽሑፌን ያቆመልኝም ይኸው ነገር ነው። እርስ በርሳቸው የማይነጋገሩት ለእኔ ለጥቁሩ እንግዳ ይነግሩኝ ነበር። ስማቸውን ሁሉ ለውጬ ጻፍኩ፤ ማንም አልተቀየመኝም። በመጨረሻ ዲግሪዬን ይዤ ስመጣ ስለ አንዲት የኖርዌይ ከተማ የጦርነት ዘመን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ ከአራትና ከአምስት አይበልጥም ነበር። ነቀምቴ ላይ ግን ይህ ለማንም ምንም አልነበረም። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የታሪክ መምህር ሆንኩ። መጽሐፉ ውስጥ ወለጋ የምትባል አገር ስሟ ከሁለት ቦታ በላይ አይነሣም። ተማሪዎቹ "ኖርዌይ" የሚል ቅጽል ስም አወጡልኝ፤ እስከ ዛሬም የሚጠሩኝ አሉ።

የአባቴን ነገር እዚህ ላይ መናገር አለብኝ። አባቴ አስተርጓሚ ነበር። ከጦርነቱ በፊት ለአንድ ጣሊያናዊ ቡና ነጋዴ ሚዛን ይይዝ ስለነበር ቋንቋውን ከዚያ ለምዶታል። ጣሊያን ነቀምቴ ሲገባ ወስደው ከሹማቸው ጠረጴዛ አጠገብ አቆሙት። ጣሊያን ሲወጣ ምሕረት ተደረገና ብዙም ሳይቆይ የመንግሥት ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ቸገረው። ዳኛው ከሸዋ የመጡ፣ ኦሮምኛ የማይሰሙ፤ ባለጉዳዩ አማርኛ የማይሰማ። አባቴ አሁንም ከጠረጴዛ አጠገብ ቆመ፤ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ እንደቆመ ኖረ። ሁለቱ ሥራዎች ይለያዩ እንደሆነ አንድ ጊዜ ጠይቄው፣ "ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ተለወጠ እንጂ እኔ የምቆምበት ቦታስ ያው ነው" ብሎኛል።

ለጣሊያን ማስተርጎሙን ከተማው በሙሉ ያውቀው ነበር፤ የሠራ እሱ ብቻ ስላልነበረም ብዙ አይነሣም። በነቀምቴ አቅራቢያ ያለችው የዲጋ ሰዎች ግን ሰላም አይሉንም። ገበያ ላይ ያገኙን እንደሆነ ፊታቸውን ያዞራሉ። ልጅ ሳለሁ ይህ እንደ ዝናብና እንደ ፀሐይ ያለ፣ ምክንያት የማይጠየቅለት ነገር ይመስለኝ ነበር።

ታላቅ እህቴ የታጨችው ሲሬ ለሚኖር ሰው ልጅ ነበር። ቀኑ ተቆርጦ፣ ቀሚሷ ተሰፍቶ ሳለ፣ እናቱ የዲጋ ሰው ኖራ ወገኖቿ ተሰብስበው እኛ ቤት መጡ። ከአባቴ ጋር አልተነጋገሩም። የጋብቻው ሽማግሌ የነበሩትን ሰውዬ ደጅ ላይ ጠርተው አንድ ነገር ነገሯቸውና ተመለሱ፤ ሰርጉም ቀረ። ከዚያ በኋላ የጠየቃት የለም። እናታችን ሞታ ስለነበር እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናት። በስፌት መኪናዋ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ከአባቴ ጋር አንድ ቤት ውስጥ አረጀች።

የኛን ዘመን መጠየቅ የጀመርኩት ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ከሸዋ የመጡ ጨዋ ሰው ነበሩ፤ ሐሳቤን ስነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁ።

"አርበኞቹ ተሸልመዋል። የባነዱትም ምሕረት ተደርጎላቸዋል። ጃንሆይ የዘጉትን በር አንተ ምን ቀረኝ ብለህ ትከፍታለህ?"

"ለማወቅ ያህል ነው።"

"ኖርዌይን አውቀህ የለም? እሱን ጻፍ። እኔም አነብልሃለሁ።"

እኔ ግን አንድ ቅዳሜ ተነሥቼ ዲጋ ሄድኩ። ጣሊያን ነቀምቴ ላይ የሰቀለው አንድ የዲጋ ወጣት እንዳለ ሰምቼ ነበር። ታላቅ ወንድሙ በሕይወት ነበሩ፤ በጠላት ዘመን ኑኑ ቁምባ ጫካ ውስጥ ከነበሩት ታጣቂዎች አንዱ ናቸው። ከቡና ተክላቸው ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸውና ሰላምታ ሰጠሁ።

"የማን ልጅ ነህ?" አሉኝ።

ነገርኳቸው። ሊጨብጡኝ የዘረጉትን እጅ ቀስ ብለው ሳቡት።

"አባትህ በሕይወት አለ?"

"አለ።"

"ታዲያ እኔ ዘንድ ምን አመጣህ? ወንድሜ የመጨረሻ ቃሉን የተናገረው ለእኔ አይደለም፤ ለአባትህ ነው። ሂድና ምን ብሎህ ነበር በለው።"

ተቀመጥ አላሉኝም። ጠባቡን የቡና መንገድ ተከትዬ ወደ አስፋልቱ ስወጣ ያቺ የጠረፍ ከተማ ትዝ አለችኝ። እዚያ በር ሁሉ የተከፈተልኝ የማንም ዘመድ ስላልሆንኩ ነው። እዚህ የማን ልጅ እንደሆንኩ የማያውቅ የለም።

እህቴን ጠየቅኋት። ዩኒፎርም እየሰፋች ነበር፤ ቀና ሳትል ነገረችኝ። ልጁን ሲመረምሩት በር ላይ የቆመ ኦሮምኛ የማይሰማ፣ ጣሊያንኛ ግን የሚሰማ፣ አስካሪ የሚሉት የጣሊያን ቅጥር ወታደር ነበር። ቆይቶ ለጎረቤት ሰዎች፣ ልጁ እያለቀሰ ብዙ ተናገረ፣ አስተርጓሚው ግን ሁለት ቃል ብቻ አለ፣ ወዲያው ወስደው ሰቀሉት ብሎ አወራ።

"ምሕረት ሲለምን አባባ ልመናውን ዋጠበት ነው የሚሉት" አለች።

"አንቺስ ምን ትያለሽ?"

"እኔማ የሰርግ ቀሚሴን ፈትቼ መጋረጃ አደረግሁት። ሌላ ምን እላለሁ?"

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አባቴ በረንዳ ላይ ተቀመጠ። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"አባኮ፣ ዲጋ ሄጄ ነበር።"

"ሰምቻለሁ።"

"የተሰቀለው ልጅ ምን ብሎዎት ነበር?"

ከዘራውን በሁለት እጁ ያዘና፣ "ለምንድን ነው የምትፈልገው?" አለኝ።

"ልጽፈው።"

"እሱን ነው የምፈራው።"

"ባልጽፈውስ? ለማወቅ ብቻ ብጠይቅዎ ይነግሩኛል?"

"አይ" አለ። "አልነግርህም፣ ኢልመኮ፣ ልጄ።"

እልህ ያዘኝ። ሰው ገድሎ ከሆነ ይንገረኝ፣ ካልገደለም ይንገረኝ ብዬ ለሳምንታት ሳላነጋግረው ቆየሁ። ምንም አልመሰለውም። በፍርድ ቤት የለመደው ነገር ይመስለኛል፤ ጠያቂ ሁሉ ቢቆጣም ቢለምንም መጨረሻ ላይ ተነሥቶ ይሄዳል።

የኛውን ተውኩት፤ ወደ ኖርዌዮቹ ተመለስኩ። ከጽሑፌ አንድ ምዕራፍ እዚያው ታተመልኝ። በድል ቀን በዓል ላይ ዲሬክተሩ ስለ ነፃነት ንግግር እንዳደርግ ሲጠይቁኝ፣ ስለታሰሩት የኖርዌይ መምህራን ተናገርኩ። ሹማምንቱም፣ አርበኞቹም፣ ነጋዴዎቹም አጨበጨቡ። ከሚያጨበጭቡት ውስጥ በጠላት ጽሕፈት ቤት አብሮት ይሠራ እንደነበር አባቴ የሚያውቀው ሰው ነበር፤ የእሱ ጭብጨባ ከሁሉም ይሰማ ነበር። ምን ቸገረው? በታሪኩ ውስጥ የማንም አጎት፣ የማንም አባት የለበትም። ክብሬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጨመረ።

በዚህ መካከል አንድ እንግዳ መጣ። ኖርዌያዊ ነው፤ እኔ የተማርኩበት ክፍል ውስጥ ከእኔ በኋላ የተማረ። የሚያጠናው ጣሊያን ኢትዮጵያን የያዘበትን ዘመን ነው። ሮም ተቀምጦ ሰነዱን አገላብጦ ጨርሷል፤ አሁን የቀረው ሰዎቹን መስማት ነበር። ደብዳቤ ጽፎልኝ ነቀምቴ ስቀበለው፣ "አንተ የእኛን፣ እኔ የእናንተን" ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እኛ ቤት አረፈ። እህቴ ጩምቦ ጋገረችለት፤ በእጁ መብላት ለመደ። ትሑት ነበር፤ ልጠላው ሞክሬ አልቻልኩም።

ዲጋ ውሰደኝ አለኝና ወሰድኩት። እነዚያው ሽማግሌ ፈረንጁን ሲያዩ ከመቀመጫቸው ተነሡ። በርጩማ ወጣ፣ እርጎ መጣ። እኔም አስተርጓሚ ሆኜ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ለእኔ የከለከሉትን ለእሱ ከጠዋት እስከ ቀትር አወሩለት፤ ጫካው ውስጥ ስለነበሩበት ዋሻ፣ ስለ ረሀቡ፣ ወንድማቸው ስንቅ ሊያመጣ ወጥቶ ስለ መያዙ።

"ጠላት ዋሻችን አልመጣም" አሉ። "ለምን አልመጣም? ወንድሜ አንገቱን ሰጠ እንጂ እኛን አልሰጠም። እያለቀሰ ምሕረት ለምኗል፤ ልጅ ነበር፣ አይፈረድበትም። ግን አልሰጠንም። ልመናውን ደግሞ አስተርጓሚው ዋጠበት። አስተርጓሚው አጠገብህ የተቀመጠው ሰው አባት ነው። ይህንንም ንገረው፤ አንተም እንደ አባትህ እንዳትውጥብኝ።"

ቃል በቃል ነገርኩት። "አስተርጓሚው የእኔ አባት ነው ይላሉ፤ እኔም እንዳልውጥ ያስጠነቅቁኛል" አልኩት በቋንቋው። እንግዳው መጻፉን አቆመና ቀና ብሎ አየኝ። ጆሮው ቀልቷል።

"ይቅርታ" አለኝ።

"ጠይቅ" አልኩት። "ሊመሽብን ነው።"

አልመሸም ነበር። ፀሐዩ ገና አናት ላይ ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ አባቴን ማነጋገር እንደሚፈልግ ነገረኝ። እሺ አይልህም አልኩት። እንግዳው ሳሎን ገብቶ በጣሊያንኛ ሰላም አለው። አባቴ ጣሊያንኛ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ከሃያ ዓመት በላይ ከአፉ አውጥቶት አያውቅም። መጀመሪያ ቃል እየፈለገ ይደናቀፍ ነበር፤ ከዚያ እየፈሰሰ መጣ። እጁን እያወናጨፈ፣ ድምፁን ከፍ ዝቅ እያደረገ፣ የማላውቀው ሌላ ሰው ሆኖ ያወራ ጀመር። እኔ እዚያው ሳሎን ውስጥ ከሁለቱ መካከል ተቀምጬ ነበር። ሦስት ቋንቋ አንብቤ እጽፋለሁ፤ አንድ ቃል አልሰማሁም። "ኖን ሳ" የሚል ነገር ደጋግሞ ሲል ብቻ ጆሮዬ ያዘው። እህቴ ሻይ ይዛ ገብታ በር ላይ ቆማ ቀረች። አባቴ እያለቀሰ ነበር።

እንግዳውን ወደ ገበያው በኩል ይዤው ወጣሁ።

"ምን አለህ?"

"እንዳልነግርህ አስምሎኛል።"

"እኔ እኮ ልጁ ነኝ!"

"እኔም እንደዚያው ብዬው ነበር። 'ልጄ ስለሆነማ ነው' አለኝ።"

"ትጽፈዋለህ?"

"ፈቅዶልኛል። ስሙን ሳልጠራ፣ በእኔ ቋንቋ። በዚህ አገር የሚያነበው የለም ብሎ ነው።"

"እኔ አነበዋለሁ።"

"እሱንም ነግሬዋለሁ።"

"እና ምን አለ?"

እንግዳው መሬት መሬት እያየ ትንሽ ተራመደ። "እስኪታተም እሞታለሁ አለ።"

እውነቱን ነበር፤ መጽሐፉን ሳያይ ሞተ። በሕመሙ ጊዜ አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ይነግረኝ እንደሆነ ጠብቄ ነበር፤ የነገረኝ የቆርቆሮው ሚስማር እንዲመታና እህቴን ሜዳ ላይ እንዳልጥላት ብቻ ነው። ቀብሩ ላይ የፍርድ ቤት ሰዎች መጡ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች መጡ፣ ከሲሬ ሳይቀር መጡ። ከዲጋ አንድ ሰው አልመጣም።

መጽሐፉ በፖስታ ደረሰኝ፤ እንግዳው በላዩ ላይ በእጁ አመስግኖኛል። በዚያ መጽሐፍ ፕሮፌሰር እንደሆነ ቆይቼ ሰማሁ። በመላው ወለጋ ያን መጽሐፍ ማንበብ የሚችል ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። የአባቴን ምዕራፍ ፈልጌ አገኘሁት። ስሙ የለም፤ "በምዕራብ የሚገኝ የአንድ ከተማ አስተርጓሚ" ይላል።

ልጁ ምሕረት አልለመነም ነበር። ሁለት ቀን ተገርፎ ሹሙ ፊት ሲቀርብ፣ ጓደኞቹ ያሉበትን ከተናገረ ወደ ቤቱ እንደሚሄድ ሹሙ ቃል ገባለት። ልጁም ተናገረ። ዋሻውን ተናገረ፣ የሚወስደውን ወንዝ ተናገረ፣ የሰዎቹን ስም ተናገረ፤ በመጀመሪያ የጠራው የታላቅ ወንድሙን ስም ነበር። ሹሙ ወደ አባቴ ዞሮ ምን ይላል አለው። አባቴ፣ "ኖን ሳ" አለ። አያውቅም ማለት ነው። ሹሙ ይህን ሁሉ አውርቶ አያውቅም ነው? አለው። አባቴም፣ ስለ እናቱና ስለ ከብቶቹ ነው የሚያለቅሰው፣ አያውቅም አለው። ሹሙ በእጁ ምልክት ሰጠ። ልጁ ጣሊያንኛ ስለማይሰማ ወደ ቤቱ የሚለቁት መሰለው። ከበሩ ሲያወጡት ዞር ብሎ አባቴን "ገለቶሚ" አለው፤ አመሰግናለሁ ማለት ነው። እንግዳው ይህን ቃል ሳይተረጉም በኦሮምኛው ትቶታል። በዚያ ወፍራም መጽሐፍ ውስጥ ያለ የቋንቋዬ ቃል እሱ ብቻ ነው።

ቀጥሎ የአባቴ ንግግር አለ። በዋሻው ውስጥ የነበሩት ብዙ ነበሩ፤ ልጁ አንድ ነበር፤ ለማሰብ ግን ጊዜ አልነበረኝም፣ አስቤ ነው ብል ዋሸሁ ይላል። ልጁ ጀግና ሆኖ ተቀብሯል፣ ወንድሙም በዚህ ይጽናናል፣ እኔ ራሴን ለማዳን ብዬ ሟቹን ከዳተኛ አላደርገውም ይላል።

መጽሐፉን ስዘጋው የተሰማኝ ኩራት አልነበረም። ንዴት ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት ሳሎናችን ውስጥ ተቀምጦ የሚጠብቀውን ነገር ለእኔ ሳይሆን ለመጀመሪያው መንገደኛ ሰጠው። እኔስ ከሕይወቴ ግማሹን የሰው አገር ሰዎች የደበቁትን ሳወጣ አልኖርኩም? ሙያዬ እሱ አልነበረም? አንድ ኖርዌያዊ አሮጊት ለእኔ ያደረገችውን አባቴ ለአንድ ኖርዌያዊ አደረገው፤ እኔም እንደ አሮጊቷ ልጆች ሳላውቅ ቀረሁ። የእንግዳው ዩኒቨርሲቲ ስለ መጽሐፉ አስተያየት እንድጽፍለት ጠየቀኝ። ስለ ሰነድ አያያዙ ሁለት ገጽ ጽፌ ላክሁ። ስለዚያ ምዕራፍ ጥሩ ነው ከማለት በቀር ምንም አልጻፍኩም።

መጨረሻ ላይ ዲጋ ሄድኩ። ልናገር ነበር የሄድኩት፤ አባቴ ያዳናቸውን ሰው ስማቸውን ጠርቼ፣ እርስዎ ዛሬ የተቀመጡት በእሱ ነው ልላቸው። መንገዱን ሁሉ በኦሮምኛ እያሰናዳሁት ሄድኩ። ሽማግሌው ዓይናቸው ደክሞ አልጋ ላይ ነበሩ። ቤተሰቦቻቸው ማን እንደሆንኩ ነገሯቸው። ቤቱ የልጅ ልጅ ሞልቶበታል፤ ከመካከላቸው ትልቁን ሲጠሩት ስሙ የተሰቀለው ወንድማቸው ስም ነበር። ጎልማሳ ነው፤ ገብቶ ትራሳቸውን አስተካከለላቸው።

"ምን አመጣህ?" አሉኝ ሽማግሌው።

አፌን ከፈትኩ። ያ ጎልማሳ ራስጌው ጋ ቆሞ ያየኛል።

"ለአባትህ ይቅርታ ልትለምን ነው?" አሉ፣ መልሴ ሲዘገይባቸው።

"ኤዬ" አልኩ። አዎ።

"እሱ ራሱ ነበር መምጣት የነበረበት።"

"እውነትዎን ነው።"

ወደ ግድግዳው ዞሩ። ከዚያ፣ "አንተን ይቅር ብያለሁ። ልጅ ምን ያድርግ። እሱን ግን አልልም" አሉኝ። ወተት እንዲሰጡኝ አዘዙ። የሞላ ጽዋ ነበር፤ እያዩኝ ጠጥቼ ጨረስኩት። ስወጣ ያ ጎልማሳ እስከ አስፋልቱ ሸኘኝና እጄን ጨበጠኝ። በቤተሰባችን የዲጋን ሰው እጅ የጨበጠ የመጀመሪያው እኔ ነኝ፤ የጨበጥኩትም በውሸት ነው።

ቤት ስገባ እህቴ የት እንደዋልኩ ጠየቀችኝ። ድካሙም ንዴቱም ስለነበረብኝ ሁሉንም አወጣሁት። መጽሐፉ ላይ ያለውን ነገርኳት፣ ዲጋ የሆነውን ነገርኳት። መኪናዋን አቁማ ሰማችኝ።

"ስለዚህ ያዳናቸው እነሱን ነው" አለች።

"አዎ።"

"ሰርጌን ሊያፈርሱ የመጡትን።"

"አዎ። የዲጋው ሽማግሌም አብረው ነበሩ።"

"አባባ ያን ቀን በረንዳ ላይ ነበር። ሲመጡም አይቷቸዋል፣ ሲመለሱም አይቷቸዋል። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብቶ ውሃ ስጪኝ አለኝ። ሰጠሁት።"

"ለሟቹ ክብር ብሎ ነው።"

"ሟቹማ ሞቷል" አለች። "እኔ ከእሱ ጋር አንድ ማዕድ ስበላ ኖርኩ። በየቀኑ ያየኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ጠርቶ ለእኔ ብቻ ቢነግረኝ ምን ነበረበት? ለማን እናገርበት ነበር?"

ጨርቁን ከመርፌው ሥር አስተካከለችና እግሯን መርገጫው ላይ አደረገች፤ ግን አልረገጠችም።

"ምነው ባልነገርከኝ" አለች። "ጥፋተኛ ነው ብዬ ይቅር ብዬው ነበር እኮ።"